መርፌው የወጋኝ ቅዳሜ ሌሊት ነው፣ መድኃኒቱን ያገኘሁት እሁድ

ኢንተርን ነኝ፤ የሕክምና ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ላይ። ለመመረቅ ሦስት ወር ቀርቶኛል። ስላለፉት ዓመታት ብዙ አልልም። አናቶሚ ተሸመደደ፣ ዋርድ ላይ የምንማርባቸው ዓመታት፣ ሲ ዋን እና ሲ ቱ፣ አለቁ፣ ፈተናው ታለፈ፣ ኢንተርን ሆንን። ይህን ሁሉ የሚነግራችሁ ሲኒየር አታጡም። እኔ የምጽፈው ማንም ያልነገረኝን ነው፤ ሌሊት ላይ፣ ቢሮ ሁሉ ተዘግቶ፣ በመርፌ ብትወጉ ምን እንደምታደርጉ።

የውስጥ ደዌ ዋርድ ላይ ነበርኩ። አርብ ጠዋት 2 ሰዓት ሞርኒንግ (የጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) ገብቼ በዚያው ዲዩቲ ስለቀጠልኩ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን 19 ሰዓት በእግሬ ቆሜያለሁ። ዲዩቲ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፣ ደም መቅዳት፣ ሳምፕሉን ራስ ይዞ ላብራቶሪ መሮጥ፣ በሽተኛ ለራጅ መግፋት፣ ውጤት ማሳደድ፣ ካርድ ላይ መጻፍ፣ ሲነጋ ደግሞ እንቅልፍ ሳያዩ ራውንድ ላይ ቆሞ ስለ እያንዳንዱ አልጋ መመለስ ነው።

ትንፋሽ ያጠራቸው አንድ አባት ነበሩ። ከገጠር ልጃቸው ነው ያመጣቸው። ደም ስራቸው አስቸገረኝ፤ ሁለቴ ስቼ በሦስተኛው አገኘሁት። አልተቆጡም። «እጅሽ ይባረክ ልጄ» አሉኝ።

ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ የዋርዱ መጨረሻ ላይ ነው ያለው፣ እሱም አፉ ድረስ ሞልቷል። መርፌውን ይዤ እዚያ ድረስ ከምሄድ ክዳኑን ልመልስለት አልኩ። ሪካፕ አታድርጉ የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ፈተና ላይ ሁሉ መልሼዋለሁ። መርፌው ክዳኑን ስቶ ግራ አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። ጓንቱ ውስጥ ደም አየሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ ስህተት ነበር። ጣቴን ጨመቅኩት። አልኮል አፈሰስኩበት። ሁለቱም አይደረግም። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታጥቦ መተው ነው። አውቀው ነበር። በዚያ ሰዓት ግን ያወቅኩት ሁሉ ጠፋኝ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። አባባ ነቅተው ነበር። «አባባ፣ መርፌው ወጋኝ፣ ለእኔ ብለው ደምዎ ይመርመር?» ብላቸው እምቢ የሚሉኝ ሰው አልነበሩም። ደማቸው እኮ በእጄ ነበር! ያንኑ ሳምፕል ይዤ ነው ላብራቶሪ የሮጥኩት። እሺ ብለውኝ ቢሆን ከሌላው ምርመራ ጋር ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ቢ ታዝዞ ሳይነጋ ውጤቱን አውቅ ነበር። አፈርኩ። ሁለቴ ስቻቸው ደግሞ ራሴን ወጋሁ ማለት ከበደኝ። ዝም አልኩ።

ለሬዚደንቱ፣ ስፔሻሊቲ ለሚማረው ሐኪም፣ ነገርኩት። «ታጠቢው፣ ጠዋት እናያለን» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እሱም ሌላ አልጋ ላይ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን አምቡ ባግ ይዞ ከሞት ጋር እየታገለ ነበር። ጠዋት ራውንድ ተጀመረ። እስከ 5 ሰዓት ቆየ። እዚያ ቆሜ የሰው የሶዲየም ውጤት ስናገር ከተወጋሁ ስምንት ሰዓት ሞላኝ።

ከራውንድ ወጥቼ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ኤአርቲ ክፍል ሄድኩ። ቅዳሜ ነውና ዝግ ነው። ድንገተኛ ክፍል ያለችውን ሲስተር ስለ ፔፕ፣ ከተወጉ በኋላ ኤችአይቪ እንዳይዝ ስለሚዋጠው መድኃኒት፣ ጠየቅኳት። «ፔፕ አለ የኔ እናት፣ ግን ካቢኔው ተቆልፏል፣ ቁልፉ ኃላፊው፣ ፎካል ፐርሰኑ ጋ ነው» አለችኝ። ደወልን። ስልኩ ዝግ ነው። ደግመን ደወልን። ፋርማሲ ሄድኩ። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ከመስታወቱ ወዲያ ይታየኛል። የኤአርቲ ክፍል ማህተም ያለበት ማዘዣ አምጪ ተባልኩ። ኤአርቲ ክፍል ዝግ ነው ስል፣ እንግዲያው ተረኛ አስተዳደሩን ጠይቂ ተባልኩ።

ተረኛው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ለእኔ ወንበር አላሳየኝም። የአደጋ ሪፖርት ፎርም ሰጠኝ። ፎርሙ ተሞልቶ የዲፓርትመንት ኃላፊ ይፈርምበታል፣ ማህተም ይመታበታል፣ ከዚያ መድኃኒቱ ይታዘዛል። ኃላፊው መቼ ይገኛል? ሰኞ። ሰኞ ጠዋት እኮ 53 ሰዓት ይሆነኛል አልኩት። «እስከ 72 ሰዓት ጊዜ አለሽ፣ ምን ያስጨንቅሻል» አለኝ።

ይህን ንግግር አልረሳውም። 72 ሰዓት ማለት ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ ቢጀመርም አይጠቅምም የሚባልበት የመጨረሻ ገደብ ነው። ቫይረሱ ከተወጋው ቦታ ተነስቶ ወደ ንፍፊቶች እስኪደርስና እስኪራባ ጥቂት ጊዜ ይፈጅበታል፤ መድኃኒቱ የሚሠራው በዚያች ክፍተት ውስጥ መራባቱን እንዲያግድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰዓት ይቆጠራል። ይህን ለእሱ ማስረዳት ነበረብኝ። ደክሞኝ፣ እንባዬ እየመጣ፣ ፎርሙን ይዤ ወጣሁ። ሆስፒታል ውስጥ፣ ገዋን ለብሼ፣ ስሜ ከነዶክተሩ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አንድ ክኒን ማግኘት አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ ቆረጥኩ። አባባን ራሴ እጠይቃቸዋለሁ አልኩ። 10 ሰዓት ገደማ ዋርድ ስደርስ አልጋቸው ባዶ ነው፣ አንሶላው ተነስቷል። ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ጋቢያቸውን አጥፎ ይዞ ቆሟል። ነፍስ ይማር አልኩት። እሱ ደግሞ «ለፍታችኋል፣ እግዜር ይስጥልን» አለኝ። ሌላ ምንም መናገር አልቻልኩም። ላብራቶሪ ወርጄ የሌሊቱን ሳምፕል ጠየቅኩ። ተጥሏል።

ያን ሌሊት ዶርም ተኝቼ ጣሪያ ሳይ አደርኩ። እሁድ ጠዋት አንዷ የባቻችን ልጅ የምታውቃት ሲስተር ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ተረኛ እንደሆነች ነገረችኝ። ባጃጅ ይዘን ሄድን። ሲስተር ፎርም አልጠየቀችኝም። መቼ፣ በምን፣ የት ቦታ እንደተወጋሁ ጠየቀችኝ፣ የራሴን ደም መረመረች፣ ነጻ ነኝ። ክኒኑንና ውሃውን አምጥታ «በይ ዋጪ» አለችኝ። 4 ሰዓት ነበር። ከተወጋሁ 31 ሰዓት። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ፣ እሷም ዝም ብላ ትከሻዬን ይዛኝ ቆየች።

ሰኞ ፎርሙ ተፈረመ፣ ማህተሙ ተመታ። የአደጋው ምክንያት በሚለው ቦታ «በባለሙያዋ ጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተሞልቶ አገኘሁት። ጥፋቴን አልክድም። ስለ ሞላው ሴፍቲ ቦክስ የሚጠይቅ ቦታ ግን ፎርሙ ላይ የለም። ጠርዙ ላይ በእጄ ጻፍኩት።

አሁን እኔን ስሙኝ። ሆስፒታላችን መጀመሪያ አሳውቁ፣ ፎርም ሙሉ ይላል። እኔ መጀመሪያ ክኒኑን ዋጡ እላለሁ። ታጠቡ፣ ጓደኛ ቀስቅሱና ዋርዱን አስይዙ፣ ሂዱ። ራውንድ መቅረት ያስቀጣል ይባላል። ይቅጡ። ሆስፒታላችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልሰጣችሁ ማህተም ስታሳድዱ አትዋሉ፣ ሌላ ተቋም ሂዱ። ፎርሙን በኋላ ሙሉት፣ ግን ሙሉት፤ ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ሥራ ላይ መወጋታችሁን የሚመሰክርላችሁ ያ ወረቀት ብቻ ነው። ለበሽተኛው ደግሞ ወዲያው ንገሩት። በትሕትና ሲጠየቅ እምቢ የሚል ጥቂት ነው፣ እምቢ ቢልም መብቱ ነው። እሺ ብሎ ነጻ ከሆነ 28 ቀን ሙሉ መድኃኒት ከመዋጥ ልትድኑ ትችላላችሁ።

እኔ 28ቱንም ቀን ዋጥኩ። በቀን አንድ ፍሬ ነው፣ ሦስቱ መድኃኒት በአንድ ላይ። መጀመሪያ ማታ ማታ ስወስደው እንቅልፍ ነሳኝ፣ ወደ ጠዋት ሳዞረው ተሻለኝ። ማቅለሽለሹ ሁለት ሳምንት አልለቀቀኝም። የደም ማነስ ስላለብኝ የብረት ክኒን እወስድ ነበር፤ አብሮ ከተወሰደ ብረቱ ከሦስቱ መድኃኒት አንዱን፣ ዶሉቴግራቪርን፣ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። የፔፑን ክኒን ከብረቱ ወይ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ወይ ስድስት ሰዓት ቆይታችሁ ዋጡት። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፣ አንብቤ ነው ያገኘሁት።

ሁላችንም ኤችአይቪን ነው የምንፈራው። ኤችአይቪ ካለበት ሰው በመርፌ የተወጋ ሰው፣ መድኃኒት ባይወስድ እንኳን፣ የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 ወደ 3 ገደማ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ግን ያልተከተበ ሰው ላይ ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። አገራችን ውስጥ ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ነው። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በፊት ነው፣ እናንተም ብዙዎቻችሁ እንዲሁ። ዶርማችን ካሉት ስድስት ልጆች ሦስቱንም ዶዝ የጨረሰችው አንዷ ብቻ ነበረች። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ሲ ዋን ስትገቡ ጀምሩት። ግቢው እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ፣ ከኪሳችሁም ቢሆን ክፈሉ። እኔ የመጀመሪያውን የወሰድኩት ከተወጋሁ በኋላ ነው፣ በዚህም እናደዳለሁ።

ለእናቴ የነገርኳት የሦስት ወሩ ምርመራ ነጻ ከሆነ በኋላ ነው። እስከዚያ በስልክ «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» ስትለኝ ዲዩቲ ነው እያልኩ አሳለፍኩ። ስነግራት ዝም አለች፣ ከዚያ «ብቻሽን?» አለችኝ። የስድስት ወሩም ነጻ ነው።

ፎርሙን ኮፒ አድርጌ ለማትሮኗ፣ ለነርሶቹ አለቃ፣ ወሰድኩላት። አንዴ አይደለም፣ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አሁን የሦስት ቀን ፔፕ ድንገተኛ ክፍል የነርሶቹ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቁልፉም ተረኛዋ ሲስተር ኪስ ውስጥ ነው። ዲዩቲ በገባሁ ቁጥር አስከፍቼ አየዋለሁ። ትናንት ማታ አንድ ዶዝ ጎድሎ ነበር። ማን እንደወሰደው ጠየቅኩና ፈልጌ አገኘኋት፤ የማዋለጃ ክፍል ኢንተርን ናት፣ ከተወጋች አርባ ደቂቃዋ ነው።