ካቦው ፎቅ ላይ ቀረ

አጭሯን ፊልሜን የቀረጽኳት ኮዬ ፈጬ ጫፍ ላይ ነው። ታሪኩ የነገ ነው። ውሃውን አንድ ድርጅት ጠቅልሎ ይዞታል፤ ፎቅ የሚሠሩት ሴቶች የሚከፈላቸው በጀሪካን ነው። ከዚያ ያምጻሉ። በጀቱ? የደረሰኝ እቁብ።

ሴቶች ስለሚያምጹበት ርካሽ ፊልም ከተወራ የአሜሪካዊቷን ዳይሬክተር የሊዚ ቦርደንን «ቦርን ኢን ፍሌምስ» ማለፍ አይቻልም። በፈረንጆቹ 1983 ነው የወጣው። በፊልሙ ውስጥ አብዮት ከተካሄደ 10 ዓመት ሆኖታል፣ የኒው ዮርክ ሴቶች ግን አሁንም ተረስተዋል። ቦርደን ለነገዋ ከተማ ብላ ሕንጻ አላቆመችም፤ የዘመኗን ኒው ዮርክ እንዳለች ቀረጸቻት። እሷም ብር ሲገኝ ብቻ እየቀጠለች 5 ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል። እኔ ከሷ የወሰድኩት ግን እጆቹን ነው። ሥራ ላይ ያሉ የሴቶች እጆች ብቻ እየተከታተሉ የሚታዩበት ቦታ አለ።

እኛ ጋ ያ እጅ ባሬላ ይይዛል። ከኋላ የያዘችው ሴት እግሯ የት እንደሚያርፍ አይታያትም። የፊተኛዋን ትከሻ እያየች ነው በመወጣጫው ሽቅብ የምትወጣው። ካሜራውን እዚያ፣ በኋለኛዋ ዓይን ልክ አደረግኩት።

ዋና ተዋናይዋ የእውነት የቀን ሠራተኛ ነች። ለአመጹ ረጅም ንግግር ጽፌላት ነበር። አንብቤ ስጨርስላት ሳቀች።

«እህቴ፣ ይሄን ሁሉ እስክናገር ካቦው ዝም ብሎ ያየኛል?»

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አስቀምጠዋለሁ።»

ባሬላውን ከነጠጠሩ መወጣጫው መሃል ላይ አስቀመጠችው። የሚወጣ የለ፣ የሚወርድ የለ። ካቦው ፎቅ ላይ ቀረ። ንግግሩን ቀደድኩት።

ለመሥራት ላሰባችሁ፦ የቀን ክፍያቸውን ጠዋት፣ ካሜራው ሳይነሳ ክፈሉ። ስለ ሴት ጉልበት የሚያወራ ፊልም የሴት ጉልበት በነፃ ከበላ ጉድ ነው። የወረዳውን ደብዳቤ በእጃችሁ ያዙ፤ ዘበኛውን ግን ቀድማችሁ ቡና ጋብዙ። ካሜራ በቀስታ እንዲንሸራተት ከፈለጋችሁ ባጃጅ ይበቃል፣ ሞተሩ ጠፍቶ ከኋላ እየተገፋ። ገንዘቡን ማይክ ላይ አውሉት። ምስል ቢደበዝዝ ተመልካቹ «የወደፊት ዘመን ነው» ብሎ ይምራችኋል፤ ድምፅ ካልተሰማው ተነስቶ ይሄዳል። ኮዬ ነፋሱና የኮንክሪት ማደባለቂያው አያስወሩም፣ ስለዚህ ንግግሩን በኋላ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅለን ነው የቀዳነው።

መጨረሻው ላይ ተጣላን። እኔ የድርጅቱ የውሃ ቦቴ እንዲቃጠል ፈልጌ ነበር። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ እምቢ አሉ።

«ውሃ የያዘ ቦቴ አቃጥለን ምን ልንጠጣ ነው? ቁልፉን እንውሰደዋ!»

አሸነፉኝ። የቦቴው ሾፌር እሳቱ በመቅረቱ ደስ አለው፤ ቁልፉን ለአንድ ሾት ስጠን ስንለው ግን ፊቱ ተለወጠ። ስለዚህ ፊልሙ ላይ የምታዩት የቤቴ ቁልፍ ነው።