ከሦስት ሳምንት ጥቁር ስክሪን በኋላ፦ የዊንዶውስ ጌም በማክ

ቅዳሜ ማታ አራት ሰዓት ላይ መኪናዋ ታየችኝ። መንገዱም ታየ፣ ሰማዩም ታየ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሞተሯን ድምፅ ብቻ ነበር የምሰማው፤ ስክሪኑ ድፍን ጥቁር ነበር። ደስታው ለብቻዬ ስለበዛብኝ ነው የምጽፍላችሁ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ማክ ይዞ “በዚህ ጌም አይሞከርም” ተብሎ የተወው ካለ፣ የማውቀውን ጀባ ልበለው።

ማኬ ማክቡክ ኤር ኤም 1 ነው፤ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ማከማቻ። ጅዳ ያለችው እህቴ ለትምህርቴ ብላ የላከችልኝ። መጀመሪያ ዊንዶውስ ጭኜበት ልገላገል ብዬ ነበር። ዊንዶውስን ማክ ላይ የሚጭነው የአፕል መሣሪያ፣ ቡት ካምፕ፣ ግን ለኢንቴል ማኮች ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከወጡት ከኤም 1 ማኮች ጀምሮ የለም። ዊንዶውስን ማኩ ውስጥ እንደ አንድ ፕሮግራም የሚያስኬደውን ፓራለልስን ሞከርኩ፤ ዊንዶውሱ የራሱን ራም ስለሚወስድ 8 ጊጋ ላለው ሰው አልመክርም። ዊንዶውስ ሳይጫን የዊንዶውስ ጌም የሚያስነሳው፣ ዊስኪ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 እድገቱ ቆሟል። በመጨረሻ ያንኑ ሥራ በሚሠራው ክሮስኦቨር ላይ ረጋሁ። የሚከፈልበት ነው፣ ለ14 ቀን በነፃ ይሞከራል። ክፍያውን እህቴ ሸፈነችልኝ። አላህ ይስጣት።

ጂቲኤ 5 የታሪኩ ክፍል በሁለተኛው ቀን ሠራልኝ። ያን ያህል ቀላል ስለሆነልኝ ሁሉም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ያ የቆየ የመኪና ውድድር መጣ። ልጅ ሆኜ ፒያሳ ጌም ቤት ተሰልፌ የተጫወትኩት ነው፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ከፈትኩት። ድምፅ አለ፣ ምስል የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። የዊንዶውስ ጌም ምስሉን እንዲሣልለት የሚያዘው ዳይሬክትኤክስ በሚባል ቋንቋ ነው። ማክ የሚገባው ደግሞ ሜታል የሚባለውን ነው። መሃል ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ክሮስኦቨር ውስጥ ካሉት አንዱ ዲስሪዲ ሜታል ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 ጌም ፖርቲንግ ቱልኪት ብሎ ካወጣው ጋር የመጣ ነው፤ በቀጥታ ወደ ሜታል ይተረጉማል። ሌላው ዲኤክስቪኬ ነው። እሱ መጀመሪያ ቩልካን ወደሚባል ቋንቋ ይወስደዋል፣ ከቩልካን ወደ ሜታል የሚያደርሰው ሌላ ነው። ያየሁት ቪዲዮ ሁሉ “ዲስሪዲ ሜታልን አብሩ፣ አለቀ” ይላል። እኔም አበራሁ።

ከዚያ ያላደረግኩት የለም። ጌሙን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩ። ቦትሉን፣ ማለትም ጌሙ የሚቀመጥበትን የዊንዶውስ ክፍል፣ ሰርዤ ሌላ ፈጠርኩ። የስክሪን መጠን ቀነስኩ። ትልቁ ጥፋቴ ግን ሌላ ነው፦ በአንድ ጊዜ አራት ነገር እቀይር ነበር። ስለዚህ ምን እንደረዳ፣ ምን እንዳበላሸ ማወቅ አልቻልኩም። ሁለት ሳምንቱ በዚህ ሄደ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደብተር ያዝኩ። በአንድ ሙከራ አንድ ለውጥ ብቻ። እዚያ ላይ ነው ሁሉን የፈታውን ጥያቄ የጠየቅኩት፦ ይኼ ጌም ስንት ቢት ነው? የቆዩ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ 32 ቢት፣ አዲሶቹ 64 ቢት ናቸው። ተርሚናልን፣ ማለትም ትዕዛዝ የሚጻፍበትን የማክ ፕሮግራም፣ ከፍታችሁ በእንግሊዝኛ “ፋይል” ብላችሁ ጻፉ፣ ክፍተት ተዉ፣ የጌሙን ማስነሻ ፋይል ጎትታችሁ ጣሉበት፣ ኢንተር። ፒኢ32 ካለ 32 ቢት ነው። ከ32ቱ ኋላ የመደመር ምልክት ካለ 64 ቢት ነው። የእኔው መደመር አልነበረውም። ዲስሪዲ ሜታል ደግሞ የሚያስተናግደው 64 ቢት ብቻ ነው። በቃ፣ ይኼው ነበር።

ዲኤክስቪኬን አበራሁ። ምስሉ መጣ፤ ግን እየተንቀረፈፈ፣ በየመታጠፊያው እየቆመ። ይኼም አልሆነም ብዬ ልሰርዘው እጄን ዘርግቼ ነበር። ማኩ ሼደሮችን፣ ማለትም ለምስል መሣያ የሚያገለግሉትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እያዘጋጀ ነበር። አስር ደቂቃ ታገስኩት። ለቀቀ።

ስለዚህ “ዲስሪዲ ሜታልን አብሩ፣ አለቀ” የሚለውን ምክር አትስሙ። መጀመሪያ ቢቱን እዩ፣ ከዚያ አስተርጓሚውን ምረጡ። ቫሎራንትና ፎርትናይት ላይ ግን ጊዜያችሁን አታጥፉ። የማጭበርበር መከላከያቸው የዊንዶውስን ውስጠኛ ክፍል ስለሚፈልግ በዚህ መንገድ አይሠሩም።

ሌላው ሙቀት ነው። ማክቡክ ኤር ማራገቢያ የለውም፤ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት ስሞክረው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይደክማል። ማታ ሀረጎን ወጥቼ ደሴ ስገባ፣ ያው ማክ፣ ያው ጌም፣ በብርዱ ረጅም ሰዓት ይሄዳል። ብርድ ልብስ ላይ ግን አታስቀምጡት፤ ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

ጌም ከጓደኛ ዊንዶውስ በፍላሽ የምትገለብጡ፣ የፍላሹን ፎርማት ኤክስፋት አድርጉት። ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ኤንቲኤፍኤስን ደግሞ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ይኼ ሁሉ የቆመው የኢንቴል ፕሮግራሞችን ለኤም 1 በሚተረጉመው ሮዜታ ላይ ነው። አፕል ከማክኦኤስ 27 በኋላ ለቆዩ ጌሞች የሚሆነውን የተወሰነ ክፍሉን ብቻ እንደሚያቆይ አስታውቋል። እኔ እስካጣራ ድረስ ሲስተሜን ለማዘመን አልቸኩልም።

ትናንት ሁለተኛ የቆየ ጌም ጫንኩ። ከመክፈቴ በፊት ተርሚናሉ ላይ ጣልኩት። ፒኢ32፣ መደመር የለውም። ዲኤክስቪኬ አበራሁለት። አሁን አጠገቤ እየተንቀረፈፈ ነው፤ ሰባተኛ ደቂቃው ላይ ነን።