የባሕር ላይ ግንብና ሐበሾቹ ሲዲዎች

እዚህ ሐዋሳ ስለ ጃንጂራ የሰማ ሰው አላጋጠመኝም፤ ይሄ ያናድደኛል። ከሙምባይ በስተደቡብ፣ ሙሩድ ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ ባሕር ውስጥ ባለ ዓለት ላይ የተሠራ ምሽግ ነው። ለዘመናት የያዙት ደግሞ ሲዲዎች ናቸው፤ ዘራቸው ከሐበሻ ምድርና ከምሥራቅ አፍሪካ የሚመዘዝ፣ ብዙዎቹ በባርነት ተሸጠው ሕንድ የገቡ፣ ወታደርና መርከበኛ ሆነው ለገዥነት የበቁ ሰዎች።

እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ፎቶውን ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነው። 12 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግንብ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ይነሣል። መሠረቱ ራሱ ዓለቱ ስለሆነ ከሥር ቆፍሮ የሚንደው ጠላት የለም። ማዕበሉስ? እኛ ሐይቅ ዳር የሠራነው አጥር እንኳ በእርጥበት ብቻ ልስኑ ይረግፍ የለ! ከሁሉ የገረመኝ ግን በጨዋማ ውኃ ተከቦ ሳለ ግቢው ውስጥ ሁለት ትልልቅ የሚጠጣ ውኃ ኩሬዎች መኖራቸው ነው። ያለዚያ ከበባን መቋቋም አይታሰብም።

በምዕራብ ሕንድ የነበረው የማራታ መንግሥት ንጉሥ ሺቫጂ ምሽጉን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው። ልጁ ሳምባጂ እ.ኤ.አ. በ1680ዎቹ መጀመሪያ ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ መንገድ ሊያወጣ ተነሣ፤ እሱም አልሆነለትም። (የአንድ መኪና ድንጋይ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይሄን አይጀምርም።) የሲዲዎቹ ግዛት የቆየው እ.ኤ.አ. በ1948 ከሕንድ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ነው።

ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው «ታዲያ ለምን አገራቸው አልተመለሱም?» አሉኝ። ተሽጦ የሄደ ሰው በየት በኩል ይመለሳል፣ ጋሼ? ደግሞስ እዚያ ገዥዎቻቸው ነዋብ (መስፍን እንደማለት) ተብለዋል።