የዓሣው አልጋ

ዛሬ ለለቅሶ ወረታ ደርሼ ነበር። ስንመለስ የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰና አንዲት ትንሽ ወንዝ ዳር ግማሽ ሰዓት ቆምን። እዚያው አጠገብ መንገድ ይሠራል። ኤክስካቫተሩ ከወንዙ መሀል ጠጠር እየዛቀ ሲኖትራክ ላይ ይጭናል። ከታች በኩል ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል።

አብረውን የተሳፈሩ አንድ ዓሣ አጥማጅ አባት ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና "ልጄ፣ የሚጭኑት እኮ የዓሣውን አልጋ ነው" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ባርባስ ከሚባሉት የጣና ዓሦች ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሽቅብ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ወንዞች፣ ወደ ገባሮቻቸውም ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠራ ያለ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። ደለል ከለበሰው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። የመንገዱ ቱቦ ከወንዙ ወለል ከፍ ብሎ ከተቀበረ ደግሞ (ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም) ዓሣው ፏፏቴ እንደገጠመው ነው፣ ማለፊያ የለውም።

መንገዱን ጠልቼ አይደለም። ወገቤ ይመስክር!

ወርጄ የሥራ ተቆጣጣሪውን አናገርኩት። ጨዋ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ጠጠሩን ከድንጋይ ካባ ማምጣት ይቻላል፤ ግን ይርቃል" አለኝ። ቀጠለና "ለመሆኑ እዚህች ወንዝ ውስጥ ዓሣ አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌው ሳቁ። "ነሐሴ ላይ ና፣ አሳይሃለሁ።"

ሹፌራችን ክላክስ አደረገ።