የ12 ጥያቄዎች ዋጋ

ዛሬ የአንዲትን እናት የጉልበት ሕመም ለመለካት በ12ቱ የኦክስፎርድ መጠይቅ ጥያቄዎች ጠየቅኋቸው። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይይዛል፤ ድምሩ ወደ 48 በቀረበ ቁጥር ጉልበቱ ደህና ነው። መኪና ውስጥ ስለ መግባትና መውጣት ስጠይቃቸው «ልጄ፣ የታክሲው መውጫ ነው የሚፈትነኝ» አሉኝ። ተንበርክኮ መነሳት ላይ ስንደርስ ግን ዝም አሉ። ቆየት ብለው «መስገድ ከተውኩ ሁለት ፋሲካ አለፈ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

0 ብዬ ጻፍኩ። እጄ ከበደኝ።

ራጁ የአጥንቱን ጉዳት አሳይቶኛል፤ ይህን ግን ከየት ያመጣዋል? ለእናቶቻችን በሚዘጋጅ መጠይቅ ውስጥ ስግደትም፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላትም መግባት አለባቸው። ከሁለት ወር ሕክምና በኋላ እንደገና እጠይቃቸዋለሁ፤ ከስግደቱ እጀምራለሁ።