ልጄ ሳይወለድ የተነፈስኩት አየር

ባለፈው ወር ልጄን ጉንፋን ይዞት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ስድስት ዓመቱ ነው። ሲስተሯ ሚዛን ላይ አቆመችው፣ ቁመቱን ለካችና ቀና ብላ "ምንድነው የምታበዪው?" አለችኝ። ምን አበላዋለሁ? ጠዋት ቂንጬ፣ ከዚያ እንጀራ በሽሮ፣ አንዳንዴ ፓስታ። ለስላሳ ለበዓል ብቻ ነው። ነገርኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም። "ጣፋጭ ቀንሺለት" ብላ ካርዱን መለሰችልኝ።

ልጄ ይሰማ ነበር። ማታ ራት ሲቀርብ ሁለቴ ጎረሰና እጁን ሰበሰበ። "እማ፣ በቃኝ" አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጨቅላ ሳለ "ድንቡሽቡሽ" እያለ ጉንጩን ያልሳመ ጎረቤት የለም። ዛሬ እነዚያው ሰዎች "ወፍራሜ" ይሉታል።

ከዚያ ወዲህ እሱን ካስተኛሁ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፊሊክስ ግሩንና ብሩስ ብሉምበርግ የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች "ኦቤሶጅን" የሚል ስም አወጡ። አንዳንድ ኬሚካሎች ሰውነት ስብ የሚያጠራቅምበትን ሥርዓት ያዛባሉ ለማለት ነው። ትሪቢውቲልቲን የሚባለውን፣ ድሮ በመርከብ ቀለም ውስጥ ይገባ የነበረውን ኬሚካል፣ ለነፍሰ ጡር አይጦች ሰጧቸው። የተወለዱት ልጆቻቸው ስብ በዛባቸው። አጥንት መሆን ይችል የነበረ ሕዋስ ወደ ስብ ያደላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ገና በማህፀን ነው፤ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳይቀመስ።

ሦስት ጊዜ መላልሼ ያነበብኩት ግን የኒውዮርኩን ጥናት ነው። ሲጋራ የማያጨሱ ነፍሰ ጡሮች የአየር መለኪያ ያለበት ቦርሳ ለሁለት ቀን በጀርባቸው ተሸከሙ። መለኪያው የሚይዘው ነዳጅና ከሰል ሲቃጠል የሚወጣውን ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን ነው። ልጆቻቸው 5 እና 7 ዓመት ሲሞላቸው ተመዘኑ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ውጤት፣ ብዙ የተነፈሱት እናቶች ልጆች ከልክ በላይ የመወፈር ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ።

እኔ ቦርሳ አልተሸከምኩም። የት እንደነበርኩ ግን አውቃለሁ። ልጄን ሳረግዝ ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ሲወረድ፣ መንገድ ዳር ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። አውቶቡሶቹ ዳገቱን ሲያያዙት ጭሳቸው ቀጥታ በሩን ይመታል። ጠዋት የባንኮኒውን መስታወት በነጭ ጨርቅ እወለውላለሁ። ጨርቁ ይጠቁራል። ምሳ ሰዓት ላይ በጣቴ ሳሰምርበት መስመሩ እንደገና ይታያል። አቧራ ብቻ አልነበረም፤ ቅባት ነገር ነበረው፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ በር ላይ ይነሳል። ወንበሬ ከእሱ ሁለት እርምጃ አይርቅም። እስከ ዘጠነኛ ወሬ እዚያው ነበርኩ።

ወለድኩ። አራስ ቤት በሩ ተዘጋ፣ ብርድ እንዳይመታኝ። ከሰሉ አልጠፋም፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። እናቴ ያደረገችው እኔን ለማክበርና ለማሞቅ ነው፤ አልወቅሳትም። ሥራ ስመለስ ጡጦ መጣ። የፈላ ወተት ፕላስቲክ ውስጥ። የአውሮፓ ኅብረት ቢስፌኖል ኤ የሚባል የፕላስቲክ ኬሚካል ያለበትን ጡጦ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ልጄ ከመወለዱ ዓመታት በፊት። የእኔ ጡጦ ላይ ከምን እንደተሠራ የሚናገር ጽሑፍ አልነበረም።

ልጄ የወፈረው በዚህ ነው አልልም። በአንድ ልጅ ላይ እንዲህ ብሎ መፍረድ አይቻልም። በሰው ላይ የተሠሩት ጥናቶች ሁለቱ ነገሮች አብረው መታየታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያሳዩም፤ ጭስ የበዛበት ሰፈር ብዙ ጊዜ ሌላም ችግር አለበት። ምግቡም ዋጋ አለው። መሮጫ ማጣቱም እንደዚያው፤ ልጄ ኳስ የሚመታው የቆሙ መኪኖች መሃል ነው። ከሁሉም ጠንከር ያለ ማስረጃ ያለው በእርግዝና ጊዜ የሚጨስ ሲጋራ ላይ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው ካለ ከዚያ ጀምሪ።

አሁን ሁለተኛ ልጄን የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለክል ከልቤ ደስ ብሎኛል። ዳገቱ ላይ የሚያጨሱት ግን አሮጌዎቹ ናቸው። እኔ የምችለውን እያደረግሁ ነው። ጄኔሬተሩ ወደ ጓሮ እንዲሄድ አለቃዬን ለመንኩት፤ ሄደ። ቡና የማፈላው በረንዳ ላይ ነው።

ምሳ የምትሸጥልን እትዬ የሚንተከተክ ሽሮ በጭልፋ ቀድታ ፌስታል ውስጥ ትገለብጣለች። ፌስታሉ በእንፋሎት ይነፋል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ትቋጥረዋለች። ሙቀትና ዘይት ከላስቲክ ኬሚካል እንደሚያወጡ ካነበብኩ በኋላ የብረት ምሳ ዕቃዬን ይዤ ሄድኩ።

"እትዬ፣ ዛሬ በዚህ ያድርጉልኝ።"

"ምነው ልጄ፣ ፌስታሌን ጠላሽው?"

ያነበብኩትን ነገርኳት። ሆዴን አየች። ጭልፋውን እንደያዘች ትንሽ ዝም አለችና "እኔኮ ልጆቼን ሁሉ በዚህ ነው ያሳደግሁት" አለችኝ። ድምጿ ሲለሰልስ አንጀቴን በላችው። "ማን ነገረን እትዬ" አልኳት። በማግስቱ ከኋላዬ ለተሰለፈችው ልጅ "ነገ ሳህን ይዘሽ ነይ" ስትላት ሰማሁ።

ሐሙስ የእርግዝና ክትትል አለኝ። ሲስተሯ ምን እንደምበላ መጠየቋ አይቀርም። እመልስላታለሁ። ከዚያ የት እንደምሠራና በሩ ላይ ምን እንደሚጨስም ካርዱ ላይ እንድትጽፍልኝ እጠይቃታለሁ።