በማረጥ ዕድሜ ማዕዱን ስለማስተካከል

ሱሉልታ፣ መጋቢት

እዚህ ሌሊቱ ስለሚበርድ ሰው የሚተኛው ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ደርቦ ነው። በማረጥ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ግን ድርብርቡ አይመቻትም። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ለትንሽ ለውጥ ሁሉ ይደነግጣል፤ ፊትና ደረት ይግላል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ወዲያው ደግሞ ብርድ ብርድ ይላል። ወላፈን የምለው ይህንን ነው። ወባ የሚመስላቸው አሉ፤ ምች ነው ብለው ዳማከሴ የሚታሹም አሉ።

ምግብ ወላፈኑን በመጠኑ ያረግበዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ከዚህ በላይ የሚያወራውን አላምነውም። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ሕመሙ በማይሰማው አጥንት ላይ ነው። ወላፈን ጊዜውን ጠብቆ ይቀንሳል፤ ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት የሳሳ አጥንት ግን በቀላሉ አይመለስም።

መጀመሪያ የሚስተካከለው ሰዓት ነው። ቡና ማስቀረት ጎረቤት ማስቀረት ስለሚሆን አልመክርም። አቦሉ ጠዋት ይጠጣ፣ ቢበዛ ቶናው ይጨመር፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ግን ይብቃ። የካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃልና የ11 ሰዓቱ ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አለ። ትኩስነቱም ራሱ ወላፈን ይቀሰቅሳል፤ ለብ ሲል መጠጣት ይሻላል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ለምሳ፣ አልጫው ለእራት ይሁን። ሚጥሚጣ፣ ጠላና ጠጅም ብዙዎች ላይ ወላፈን ያስነሳሉ፣ ሁሉም ላይ ግን አይደለም። የራስን ለይቶ ለማወቅ ለሁለት ሳምንት የበሉትን፣ የጠጡትንና ወላፈኑ የመጣበትን ሰዓት ደብተር ላይ መጻፍ ነው።

አኩሪ አተር ኢስትሮጅንን በደካማው የሚመስል አይሶፍላቮን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። በቀን ግማሽ የውሃ ብርጭቆ የተቀቀለው ይበቃል፤ ለውጡ ግን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ስለሚወስድ ሳምንት ሞክሮ መተው አያዋጣም። ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፣ ውሃው ይደፋል፣ ከዚያ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ይጨመራል። ጥሬውን ፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ ነው ያንን የማይወደድ የጥሬ ሽታ የሚያመጣው። በደንብ ካልበሰለ ደግሞ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግደው ነገር አይጠፋም። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቆላ ካለው ሰው ይልቅ ረዘም አድርጎ መቀቀል ያስፈልጋል፤ ፕሬዠር ኩከር ያለው ተገላገለ። ለሽሮ ከሆነ በደንብ ተቆልቶ ለ4 እጅ አተርና ሽንብራ 1 እጅ ይቀላቀላል። ከዚያ ካለፈ ቅባቱ ወፍጮውን ያስቸግራል፣ ሽሮውም ቶሎ ይበላሻል። የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት የአኩሪ አተር እንክብል ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምር።

ተልባ ለወላፈን ብዙ ተብሎለታል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው፦ ተቆልቶ የተወቀጠ ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ከብዙ ውሃ ጋር። ሳይወቀጥ ከተዋጠ እንዳለ ይወጣል።

አሁን ወደ አጥንቱ። ከ50 ዓመት በኋላ በቀን 1200 ሚሊግራም ካልሲየም ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህሉን ይሸፍናል፤ ሱሉልታ ደግሞ የወተት አገር ናት (አፍልቶ መጠጣቱ ግን አይረሳ፣ የላም በሽታ በጥሬ ወተት ይተላለፋል)። ችግሩ ጾም ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ወተቱም፣ አይቡም፣ እንቁላሉም ይወጣና ቦታውን ድንች፣ ዳቦና ፓስታ ይይዘዋል፤ ሆድ ይሞላል፣ አጥንት አያገኝም። ያን ጊዜ የሚያድነው ጎመን ነው። ቆስጣ አይተካውም፤ ሁለቱም አረንጓዴ ቅጠል ቢሆኑም ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ይዞት ይወጣል። የጎመኑ ግን በደንብ ይገባል። ጤፍም በ100 ግራም ዱቄት 180 ሚሊግራም ያህል አለው፤ ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ማዕድኑን የሚያስረው ፋይቴት ስለሚቀንስ፣ በጥድፊያ የተጋገረ እንጀራ ያንን ያህል አይሰጥም። የአኩሪ አተር ወተት ቤት ውስጥ ሲሠራ ካልሲየሙ ትንሽ ነው፤ የላም ወተት ምትክ አድርጎ መቁጠር ስህተት ነው። እንክብል የታዘዘላት ደግሞ ከ500 ሚሊግራም በላይ በአንዴ አትውሰድ፣ ከፋፍላ እንጂ፤ ትርፉ በደንብ አይመጠጥም።

ለእንቅርት ሊቮታይሮክሲን የምትወስድ ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ትዋጠው። ቡናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ካልሲየሙና አኩሪ አተሩ 4 ሰዓት ይራቁት፣ አለበለዚያ መድኃኒቱ ሳይሠራ ይቀራል።

የወር አበባ ዓመት ሙሉ ከቀረ በኋላ ደም ጠብ ካለ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ያ የማረጥ ምልክት አይደለም፤ የምግብ ጉዳይም አይደለም። የዚያኑ ሳምንት የማህፀን ሐኪም ጋ ሄዶ መታየት ነው።